ቬሎዬና የወይዘሮ ይታይሽ ጎመን ዘር

ባለፈው ጥቅምት ነው... የሠርጌ ቀን። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን፣ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ እየሄድን ሳለ ቪዲዮ ቀራጩ የኛን ሾፌር አስቆመው።

«ይህን እዩ» አለ። ከመንገዱ በታች እስከ ዛፎቹ ድረስ ቢጫ የሆነ ማሳ ነበር። «ካኖላ ነው። ውጭ አገር ሙሽሮች ይሄን ፍለጋ ነው ርቀው የሚሄዱት።»

እኔ ሐዋሳ ያደግኩ፣ ባሕር ዳር ለሥራ የመጣሁ ሰው ነኝ... አደይ አበባ መስሎኝ ነበር። እዚሁ ሹም አቦ ሰፈር ተወልዶ ያደገው ባሌ ዳዊት ሳቀብኝ። «ጎመን ዘር ነው እኮ፤ ዘይት የሚወጣው።» ካኖላ የሚባለው ለምግብ ዘይት እንዲስማማ ተሻሽሎ የወጣ ዘመዱ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ወረድን። ተክሉ ደረቴ ጋ ይደርሳል። «ግቢ... መሃል ድረስ ግቢ» ይለኛል ቪዲዮ ቀራጩ። ጥቂት እንደገባሁ ከኋላዬ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ዞር ስል የቬሎዬ ጭራ የተጎተተበት ሁሉ አገዳው ተሰባብሯል።

በዚህ መሃል አንዲት ሴት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከማዶ እየሮጡ መጡ። አርባዎቹን ያጋመሱ ይመስላሉ። ባለማሳዋ ናቸው፤ ስማቸው ወይዘሮ ይታይሽ።

«ውጡልኝ ከዘሬ» አሉ።

ቪዲዮ ቀራጩ ፈገግ ብሎ ቀረባቸው። «እናቴ፣ ትንሽ ደቂቃ ነው። አበባ እኮ ነው...»

«ለናንተ አበባ ነው። ለኔ የዓመት ዘይቴ ነው» አሉት። «አምና ለዘይት ሰልፍ ቆሜ ውዬ፣ አልቋል ተብዬ ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ተመለስሁ። ሁለተኛ ለዘይት አልሰለፍም ብዬ ይህን ዘራሁ። አስጨምቄ የራሴን ልበላ። የምትረግጡት እሱን ነው።»

ቪዲዮ ቀራጩ ወደኔ ጠጋ ብሎ «እኔ አረሳሳቸዋለሁ፤ አንቺ ቀጥዪ» አለኝ በሹክሹክታ።

ደሜ ፈላ። ጫማዬን አወለቅኩ፤ የቬሎዬን ጭራ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ያዝኩና በገባሁበት ተመልሼ ወጣሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«የሰው ዘይት ላይ ቆሜ አልስቅም።»

የዳዊት እህት ሰናይት የመጀመሪያዋ ሚዜዬ ናት። «በሠርግሽ ቀን እንዲህ አትሁኚ... አንቺ ካልፈለግሽ እኛ ገባ ብለን እንነሳ» አለችኝ። ሌሎቹም ሚዜዎች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሊገቡ ተነሱ።

ወደ ማሳው የምታስገባው መንገድ ጠባብ ናት። መሃሏ ላይ ቆምኩ። ቬሎዬን ግራና ቀኝ ዘረጋሁት... ሞላት።

«ማንም አይገባም።»

ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን አወረደ። «ሥራዬን ልሥራ ወይስ ልሂድ?» የጠየቀው ግን እኔን አይደለም፤ ዳዊትን ነው።

እኔም ዳዊትን አየሁት። ከተጋባን ገና ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላንም። «ተይ» ቢለኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር... እውነቴን ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ዳዊት ኮቱን አውልቆ ለሾፌሩ ሰጠ። መጥቶ ጎኔ ቆመ።

«ሰምተሃታል» አለው።

ቪዲዮ ቀራጩ ዕቃውን ሰብስቦ በመጣበት መኪና ወደ ከተማ ተመለሰ። ሰናይት ተናዳ አለቀሰች። ሌሎቹ ሚዜዎች ግብዣው እስኪያልቅ ድረስ አላናገሩኝም።

ወይዘሮ ይታይሽም ቢሆኑ አላመሰገኑኝም። ጎንበስ ብለው የተጋደመውን እያቃኑ ነበር። የሚቆመውን አቆሙ፣ የተሰበረውን ለከብት ለብቻው አደረጉት። ጨርሰው ሲመጡ ቬሎዬ ጫፍ ላይ የተጣበቀውን ቢጫ አበባ በጣታቸው ያራግፉልኝ ጀመር።

«ሙሽራ ስትቆጣ ዛሬ አየሁ» አሉ። አራግፈው ሲጨርሱ ደግሞ፣ «በይ ሂጂ፣ እንግዶችሽ ይጠብቁሻል። ወልደሽ ሳሚ።»

ከዚያ ማሳ የቀረችን ፎቶ አንዲት ናት፤ ሾፌሩ በስልኩ ያነሳት። እኔ ባዶ እግሬን፣ ቬሎዬን ዘርግቼ፣ አፌን ከፍቼ... ዳዊት በሸሚዝ ጎኔ ቆሞ። አሳጥበን ሳሎን ሰቅለናታል። አማቴ በመጡ ቁጥር «ኧረ ይችን አውርጂልኝ፣ ሰው ምን ይላል?» ይሉኛል። አላወርዳትም።

ሙሽራ አንገቷን ስትደፋ ነው የምታምረው ይላሉ... እኔ ቀና ብዬ ነው ያማርኩት።