ከአዳራሹ የማይወጡት አርባ አንድ ቅጾች

የንባብ አዳራሹ ኃላፊ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አለው፤ አንባቢው ሁሉ የሚያውቀው ግን «ጋሽ አይወጣም» በሚለው ቅጽል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ፣ መጽሐፍ ሊዋስ የመጣውን ሁሉ በዚህችው በአንዲት ቃል ሲመልስ ኖሯል። ልቡ ሲራራ ሌላውን መጽሐፍ ይለቃል። በመስኮቱ በኩል የተደረደሩትን አርባ አንድ ቅጾች፣ የጥንቶቹን የክርስትና ሊቃውንት ጽሑፎች ግን የገዛ እናቱ ብትመጣ አያውሳትም። በመጀመሪያ ገጻቸው ላይ «ከአዳራሹ አይወጣም» የሚል ቀይ ማኅተም የመታባቸው ራሱ ነው። ማንም አላዘዘውም።

ለምን እንዲህ እንደሚሳሳላቸው የጠየቀ ሰው ጉዱ ፈላ። ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል። እነዚያ ሰዎች፣ ይላል፣ እግዚአብሔር አንድም ሦስትም የሚሆነው እንዴት ነው ብለው ሲከራከሩ፣ ባሕርይን ከአካል፣ ምን መሆንን ከማን መሆን፣ መለየት ግድ ሆነባቸው። ሰው በዘሩም በሀብቱም ሳይሆን ሰው በመሆኑ ብቻ ይከበር የሚለው ሐሳብ፣ ከዚያ ክርክር ተነሥቶ ብዙ ዞሮ ዞሮ ሕግ ውስጥ የገባ ነው። ቅጽ ስድስትን አውጥቶም፣ በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረ አንድ ጳጳስ «የእግዚአብሔርን አምሳል በስንት ገዛኸው?» እያለ ባሪያ አሳዳሪዎችን የሞገተበትን ስብከት ያሳያል።

«ፈላስፎቹ እዚህ የደረሱት ከሺህ ዓመት በላይ ዘግይተው ነው!» ብሎ ጠረጴዛውን ይመታል። ከዚያ ዝም በሉ የሚለው ራሱ መሆኑ ትዝ ይለውና ዙሪያውን ይገላምጣል።

ባለፈው ሰኞ አዲሷ የቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር ቦታ ስለጠበበ አሥር ዓመት ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ ሁሉ ሊፈጭ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ይሂድ ብላ ዝርዝር ለጠፈች። አርባ አንዱም ቅጾች ዝርዝሩ ላይ ነበሩ። ጋሽ አይወጣም መነጽሩን እንኳ ሳያወልቅ ቢሮዋ ገባ።

«ይነበባሉ እኮ! በየሳምንቱ እዚሁ አዳራሹ ውስጥ ይነበባሉ!»

«ኮምፒዩተሩ ዜሮ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«እዚህ የሚነበበውማ መች ይመዘገባል? የሚመዘገበው ሰው የተዋሰው ብቻ ነው!»

«ታዲያ ለምን አላዋሱም?»

የሚሰድበው ሰው ፈለገ፤ ከራሱ በቀር አላገኘም። ዳይሬክተሯ ክፉ ሰው አልነበረችም። እስከ ዓርብ ሰው የተዋሰው መጽሐፍ እንደሚተርፍ፣ ከዚያ በላይ ግን እንደማትችል ነገረችው።

አራት ቀን። የአዳራሹን የመግቢያ መዝገብ ዘርግቶ፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ በየስልኩ መለመን ያዘ። ግማሹ ቁጥር ተቀይሯል። አንዱ ጡረተኛ መምህር ቀልድ መስሎት ሳቀና ዘጋበት፤ ጋሽ አይወጣም ደውሎ «ኑና ውሰዱልኝ» አለ ሲባል ማን ያምናል? በስንት ልመና ስድስት ሰዎች መጥተው አንድ አንድ ቅጽ ይዘው ሄዱ። ቅጽ ስድስትን ግን ለማንም አልሰጠም። ለማን እንደሚገባ ያውቃል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንዲት የሕግ ተማሪ፣ ያ ስብከት ከሕግ ጋር ስላለው ዝምድና የመመረቂያ ጽሑፍ ልትሠራ አራት ወር ሙሉ በዚያ መጽሐፍ ላይ ተደፍታ ነበር። ዛሬ ጠበቃ ናት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደወለላት።

«ቅጽ ስድስትን አስቀምጬልሻለሁ። ለአንድ ወርም ቢሆን ውሰጂው፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ ያኔ እናቴ የታመመች ጊዜ አልጋዋ አጠገብ ሆኜ ልጨርሰው ለአንድ ሳምንት ያውሱኝ ብዬ እንደለመንኩዎት ያስታውሳሉ?»

አላስታወሰም። ስንቱን ያስታውሳል?

«ሁለቴ ነው የመጣሁት። ሁለቴም መለሱኝ። ጊዜው ሲያልቅብኝ ርዕሱን ተውኩትና ስለ ጭነት ውል ጻፍኩ። አሁንም የምሠራው እሱኑ ነው።»

«ዛሬውኑ ቢሮሽ ድረስ ላምጣልሽ?»

«ይቅርብኝ፣ ጋሼ። አሁን የማነብበት ጊዜ የለኝም።» ድምፅዋ ውስጥ ቂም አልነበረም። ቢኖር ይሻለው ነበር፤ ይከራከራት ነበር።

የሚቀጥለውን ቁጥር መደወል ነበረበት፤ ገና ሁለት ገጽ ስም ይቀረዋል። ስልኩን እንደያዘ የመዝጊያው ሰዓት ደረሰ።

ዓርብ ጠዋት መኪናው መጣ። ሠላሳ አምስቱን ቅጾች ጋሽ አይወጣም ራሱ ሲያቀብል ጫኙ ይደረድር ጀመር። ጫኙ ወፍራም፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። አንዱን ቅጽ ገልጦ ገጾቹን በአውራ ጣቱ ገላለጣቸውና በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ እኮ ከማተሚያ ቤት የወጣ ዛሬ ነው የሚመስለው። አንዲት የተቀደደች ገጽ የለችውም። እንዴት ቢጠብቁት ነው በሉ!»

«ጠብቄዋለሁ» አለ ጋሽ አይወጣም።

«ለማን ብለው ነው?»

ለሚያነብበው ሰው ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋውና የሚቀጥለውን ቅጽ አቀበለ።