ያልታጠበው የድመት ፀጉር

አክስቴ በሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል ሠላሳ ዓመት ስትሠራ የሰው እድፍ አይታ አይታ፣ ጡረታ ስትወጣ ዓለምን በሁለት ጣቷ ጫፍ መያዝ ለምዳ ነበር። ሰው ቤት ስትሄድ ወንበሩን በመሐረብ ሳትጠርግ አትቀመጥም። ከሁሉ የሚቀፋት ግን ፀጉር ነው። የማታውቀውን ሰው ፀጉር ከአንሶላ ላይ ስትለቅም ምሳዋ አንገቷ ላይ ይደርስ እንደነበር ደጋግማ ነግራኛለች።

ከታናሽ እህቷ ከእናቴ ጋር ያጣላትም ፀጉር ነው። በአንድ ግቢ፣ በር ለበር ነበርን። የእናቴ ድመት፣ አሥራ አራት ዓመት ከእግሯ ሥር ያልጠፋው ግራጫ ሽማግሌ፣ የሞተ ዕለት አክስቴ «እሰይ፣ ከፀጉሩ ተገላገልን» አለች። እናቴ ሦስት ወር ሙሉ አላነጋገረቻትም።

አክስቴ ይቅርታ መጠየቅ አታውቅበትም እንጂ በጸጸት ከስታ ነበር። አንድ ቀን አዝራር ልትተክል መርፌ ገዝታ ብትመጣ፣ መርፌዋ ጥርስ ጥርስ ያላት ሆና አገኘቻት። እኔን አስከትላ ተመለሰች።

«የተሸራረፈ መርፌ ነው እንዴ የምትሸጥልኝ?»

«ተሳስቼ ነው የሰጠሁዎት፣ እማማ» አለ ባለሱቁ። «ጥርሷ ግን ሙያዋ ነው።» ቁንጥር ሱፍ ስፖንጅ ላይ አድርጎ ይወጋጋው ጀመር። ሱፉ እየጠበቀ፣ እየተድበለበለ ሄዶ የወፍ ጭንቅላት ወጣው።

አክስቴ አፍንጫዋን እንደ ነፋች አየችው። «ድመት ይወጣዋል?»

«ለታገሠ ዝሆንም ይወጣዋል።»

በማግስቱ ከቆዳ ነጋዴ ጥሬ የበግ ፀጉር አመጣች። ቅባቱ ይከረፋል፣ የበጉ በጠጥም ተጣብቆበታል። አፍና አፍንጫዋን አስራ «ኤጭ፣ ኤጭ» እያለች፣ ልማዷ ነውና፣ በፈላ ውሃና በሳሙና እንደ አንሶላ ፈተገችው። ሲወጣ እንደ ጫማ ሶል ጠጥሮ፣ መርፌ የማያስገባ ሆነ። ባለሱቁ ሆዱን ይዞ ሳቀና የተዘጋጀ ሱፍ ሸጠላት። በሱ ሦስት መርፌ ሰብራ፣ አውራ ጣቷን ወግታ፣ ነጭ ድመት ሠራች።

እናቴ ደጃፏ ላይ አገኘችው። አክስቴ ከበሯ ሆና ስታያት አገላበጠችው።

«እሱ አይደለም» አለች። ገብታ ከረጢት ይዛ ወጣች፤ ውስጡ ያለው ድመቱን በየጊዜው ስታበጥረው የረገፈ ፀጉሩ ነበር። «ይሄን አልብሺው። እንዳታጥቢው ደግሞ፤ የቀረኝ ሽታው ነው።»

አክስቴ ከረጢቱን ከፍታ ፊቷን ጭምድድ አደረገች። ፎረፎር፣ የደረቀ ምራቅ፣ አንዲት የሞተች ቁንጫ። «ሙቅ ውሃ ብቻ ላሳየው?» አለች፤ እናቴ ግን ከረጢቱን መልሳ ልትወስድ እጇን ስትዘረጋ፣ አክስቴ ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችው።

አራት ቀን ፈጀባት። ትንሽ ወግታ ትነሣለች፣ እስከ ክርኗ ትታጠባለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ሁለት ጊዜ አስመለሳት። አንዲት ግራጫ ፀጉር ከንፈሯ ላይ ያረፈች ጊዜማ ግቢውን ሁለቴ ዞረችው። ጨርሳ ስትወስድላት ክንዷን ዘርግታ፣ ፊቷን አዙራ ነበር።

እናቴ አፍንጫዋን ሆዱ ላይ ቀብራ ረጅም ጊዜ ቆየች።

«ጆሮው ጠሟል፣ እትዬ» አለች ቀና ሳትል።

«ወዲህ በይው።»

እናቴ በርጩማ አወጣችላት። አክስቴ ተቀምጣ ጆሮውን ትወጋጋ ጀመር፤ ትንፋሿን በአፏ እየሳበች፣ ከንፈሯን በመጸየፍ እንዳጣመመች።