የምታውቀው የእጅ ጽሑፍ

ተማሪዎቹ «ማስመሪያ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ማንም ይሁን ማን፣ ሰው ያውቃል። ሃያ ዓመት መምህራን ክፍል ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ሒሳብ ስታስተምር አንድም ቀን ከደንብ ዝንፍ ስትል አላየሁም። ጋሼ እያለች የምትጠራኝ እኔ አንጋፋ ባልደረባዋ እንኳ፣ ልጅ እንደሌላት የሰማሁት ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነው።

ለጥንቃቄዋ ምክንያት ነበራት። ድሮ አንድ የቋንቋ መምህር ለአንዲት ተማሪው ደግ ሆነና ወሬ ተነሣበት፤ ጥፋት ይኑረው አይኑረው ሳይጣራ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማስመሪያ ተማሪ የምታነጋግረው በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ነው። ብርዱ የሚገባው እኔ ላይ ነው፤ ጠረጴዛዬ በሩ ጋ ነው።

ባለፈው ዓመት ግን አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ አንጀቷን በላቻት። እናቷ ሞታ አክስቷ ዘንድ የምትኖር ዝምተኛ ልጅ ናት። አክስትየዋ ቁርጡን ነግራታለች፤ ዘንድሮ ከወደቀች ትምህርቱ ቀርቶ ልብስ ስፌት ቤት ትገባለች። ማስመሪያ ይህን ከሰማች ጀምሮ በምሳ ሰዓት ባዶ ክፍል ውስጥ፣ በሩን ከፍታ፣ ታስጠናት ጀመር። ምሳዋንም ለሁለት ትከፍል ነበር። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ። ያ የተቋጠረ ፊቷ ሲፈታ ማየት ደስ ይል ነበር።

አንድ ቀን በክፍቱ በር ሳልፍ፣ ልጅቷ አንድ ጥያቄ አልገባ ሲላት፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ «እማዬ፣ ይሄኛውስ?» አለች። ከአፏ አምልጧት ነው። ሁለቱም ክው አሉ። በማግስቱ ማስመሪያ ልጅቷን ከፊት ወንበር አንሥታ ኋላ አስቀመጠቻት፤ የምሳ ሰዓቱም ጥናት ቀረ። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ እናቷ ከሆንኩ ማን ያርማታል?» አለችኝ። አናደደችኝ።

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና መጣ። በእኛ ትምህርት ቤት መምህር እንዳያደላ የተማሪ ስም አይታይም፤ የወረቀቱ ጫፍ ታጥፎ በስቴፕለር ይመታና ላዩ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፋል። አራሚው የማን ወረቀት እንደሆነ ካወቀ ለሌላ መምህር ማስተላለፍ አለበት። ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ ለጥቂት የወደቀ ወረቀት ደግሞ በሁለተኛ መምህር ይታያል።

እኔም ሒሳብ ስለማስተምር፣ እንዲህ ሆኖ ማስመሪያ አርማው አርባ ስድስት ያገኘ ወረቀት እጄ ገባ። አሠራሩ ልክ ሆኖ መልሱ በተሳተበት ሁሉ ዜሮ ተሰጥቷል። ማስመሪያ ለሌሎቹ ለአሠራሩ ግማሽ ነጥብ ሰጥታለች። በዚያ ሒሳብ ብደምረው ሃምሳ ሦስት መጣ። ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁትና ይሄ ልጅ ምን በድሎሽ ነው አልኳት።

ወረቀቱን አየችው።

«የሷ ነው፤ ጽሑፏን አውቄዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ለሌላ ላስተላልፍ ብል ከየት አወቅሽው እባላለሁ። ሳርመው ደግሞ ላደላላት ነው ብዬ ፈራሁ። በተጠራጠርኩ ቁጥር ዜሮ ሰጠኋት።»

ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው። ውጤት እንዲስተካከል የመጀመሪያዋ አራሚ ምክንያቷን ጽፋ መፈረም አለባት። ዝም ካለች ልጅቷ ስፌት ቤት ትገባለች። እውነቱን ከጻፈች ምሳው፣ ባዶው ክፍል፣ ሁሉም እየተመዘዘ ይወጣል። ደክሞኝ ነበር ብለሽ ጻፊና ተገላገይ አልኳት። እሷ እቴ! ለመዋሸት እንኳ አልታደለችም። ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ ቅጽ ፊቷ አስቀምጣ ቆይታ እውነቱን ጻፈች።

ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው እንጂ። ውጤቱን አስተካከለ፣ እሷንም አላባረራትም። ግን ከዚያች ልጅ ጋር አንድ ቃል እንዳትለዋወጥ፣ የሆነውም ነገር ለልጅቷ እንዳይነገር አስፈረማት። እኔንም ምስክር ነህ ብሎ አስፈረመኝ። መፈረሜ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ትምህርት በተጀመረ ሳምንት መምህራን ክፍል ገብታ አጠገቤ ቆመች። ማስመሪያ ከጎኔ ደብተር ታርማለች። ልጅቷ ወደዚያ ዞርም አላለች።

«ቲቸር፣ ላመሰግንዎት ነው» አለችኝ። «ወረቀቴን እንደገና ያዩት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እሳቸውማ ጥለውኝ ነበር።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ማስመሪያ ቀና ብላ ተው በሚል ዓይን አየችኝ። ልጅቷን ማነጋገር ስለማትችል የተናገረችው ለእኔ ነው።

«ልክ ናት ጋሼ» አለች። «ጥያት ነበር።»

ልጅቷ ሰማች። ከጠረጠረችው ሌላ ምንም እንዳልነበረ ተረጋገጠላት፤ እኔን ደግማ አመስግና ወጣች።