በበሩ የማይወጣው ጠረጴዛ

ሽማግሌውን አናጺ የሰፈሩ ሰው «ሚስማር አይነኬ» ይላቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ የእንጨት ሥራ ድርጅት የሰው ቢሮ ሲያሳምሩ ኖረው፣ ለራሳቸው ቤት አንድ የረባ ጠረጴዛ ሳይሠሩ ጡረታ ወጡ። ሚስማር የሚመታ አናጺ ለእሳቸው አናጺ አይደለም፤ ሙያ ማለት እንጨትን ከእንጨት አግጥሞ በኮላ ማጣበቅ ነው። ይህን ወሬ ከጀመሩ የሚያስቆማቸው የለም።

ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸው አንድ ነገር ይዛ ሙጭጭ አለች። «አባዬ፣ ብቻህን አትኖርም፤ ቤቱን እናከራየውና እኛ ጋ ትገባለህ።» ሦስት ዓመት እምቢ ብለው በአራተኛው ተሸነፉ። ባዶ እጄን ግን አልገባም አሉ። የሠሩት ጠረጴዛ በቆመበት ቤት ማንም እንግዳ አይላቸውማ! የልጃቸውን ሳሎን በሜትር ለክተው መጡና፣ በራሳቸው ሳሎን መሐል ለአሥር ሰው የሚበቃ ጠረጴዛ ሲሠሩ አራት ወር ከረሙ።

የመሄጃው ቀን ልጃቸውና አማቻቸው ሁለት ተሸካሚዎች ይዘው መጡ። ሻንጣውና ወንበሮቹ መኪናው ላይ ወጡ። ጠረጴዛው በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። አጋደሙት፤ እምቢ። አቆሙት፤ እምቢ። በእግሩ በኩል ሞከሩት፤ ጭራሽ። መስኮቱ ደግሞ ብረት አለበት።

ሽማግሌው ክው አሉ። ለካ የልጃቸውን ሳሎን እንዲያ ሲለኩ የገዛ በራቸውን ረስተውታል! ምን ያድርጉ፣ የድርጅቱ በር የጭነት መኪና የሚያስገባ ነበር፤ አርባ ዓመት የሠሩት ዕቃ በምን ይወጣል ብለው አስበው አያውቁም።

«እግሩን በመጋዝ ቆርጠን፣ እዚያ ስንደርስ እንመልሰዋለን» አለ አማቻቸው፣ ምስኪን፣ ለደግ ብሎ።

«በምን ነው የምትመልሰው?»

«በሚስ...» ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው።

«ግድ የለም አባዬ፣ ይቅር» አለች። «ለማንኛውም ብለን እኛም ከሱቅ አንድ ገዝተናል።»

ይቺ ናት የገደለቻቸው። ለማንኛውም! እሳቸው አራት ወር ወገባቸው እስኪቆረጥ እንጨት ሲልጉ፣ እነሱ ለማንኛውም ብለው ገዝተዋል። ዞር ብለው ግድግዳውን አዩ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ደክሞት ከፌስታል ዳቦ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ልጃቸው ጠዋት እዚሁ ሠርታ ወደ ቤቷ ልትወስደው ያሰበችውን የድንች ወጥ ከነድስቱ አመጣች። ወንበሮቹ ከመኪናው ወረዱ። ልትሰናበት የመጣችው ጎረቤት ደግሞ የሻይ ፔርሙዝ ይዛ ገባችና፣ «የምሰናበተው ማንን ነው? ሰውየውን ወይስ ጠረጴዛውን?» አለች።

ሲበሉ አንደኛው ተሸካሚ ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛውን ሆድ ዳበሰው። «አባባ፣ እርስዎ ነዎት የሠሩት? ስንት ዕቃ ተሸክሜያለሁ፣ እንዲህ ስናገላብጠው ሲጢጥ ያላለ አይቼ አላውቅም።»

አማቻቸውም በሁለት ክርኑ ተደግፎ ነቀነቀው። «አይንቀሳቀስም እኮ!» አለ፣ አፉ ድንች እንደሞላ።

ሽማግሌውን ሳቅ አፈናቸው። አልቻሉም፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ በዚህ ቤት እንዲህ አልተሳቀም። ደስ አላቸው፣ በቃ፣ ያውም ሁሉ ነገር በተበላሸበት ቀን።

ልጃቸው ሰዓቷን አየች። «በል ተነስ አባዬ፤ ጠረጴዛውን ተከራዩ ይጠቀምበት።»

«ተከራይ?» ሳቃቸው ቆመ። «ጠረጴዛው ካልወጣ እኔም አልወጣም። ሻንጣዬን አውርዱ።»

«አባዬ! ተስማምተን አልነበር?»

«ነበር። አሁን ወይ ፍንክች! እሁድ እሁድ እናንተ ትመጣላችሁ። ቦታ እንደሆነ ሞልቷል።»

«እሺ በሌላው ቀንስ? ብቻህን በአሥር ሰው ጠረጴዛ ምን ልትሠራ ነው?»

«በየቀኑ ቦታ እቀይራለኋ!»

አፍጥጣ አየቻቸው። እሳቸውም አፈጠጡ። ከዚያ ወጣችና፣ ተሸካሚዎቹ እያሉ፣ ሻንጣውን ራሷ ተሸክማ መለሰችው።