የማይጎርሰው ጠመንጃ

ወንድሜ ሦስት ጊዜ ቃታ ስቦብኛል።

ነገሩ የመጣው በወረቀት ነው። አባታችን ሲሞት ቃሊቲ ያለውን ግቢ ለሁለታችን ነበር የተወው። ወንድሜ የተማረ ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም። «የግብር ነው» ብሎ አንድ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አስፈረመኝ። በአርባ ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ መጀመሪያ አንብቤ የጨረስኩት ያንን ወረቀት ነው። ድርሻዬን በፈቃዴ ለወንድሜ ሰጥቻለሁ ይላል።

ግቢው በር ላይ ካለችው ብየዳ ቤቴ ቱቦ ብረት አንስቼ ሄድኩ። ራሱን ነበር ያልኩት፣ ጆሮውን አገኘሁት። ደሙ ኮሌታው ውስጥ ገባ። እየተንገዳገደ ቤት ገብቶ የአባታችንን ጠመንጃ ይዞ ወጣ። ከሥሩ ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ጥይት የሚያጎርስ፣ ከአባታችንም የሚያረጅ ነው። ስንቅ ይዘው ወደ ማረሚያ ቤቱ የሚሄዱ ጠያቂዎች በበሩ ቆመው ያዩናል። እጀታውን ገፍቶ መለሰና ደረቴ ላይ ሳበ። ቀጭ። ደገመ። ቀጭ። ሦስተኛውም እንደዚያው ሲሆንበት በሰደፉ አፌን ብሎ አራት ጥርሴን አረገፈው።

ሽማግሌዎች አስታረቁን። ጠመንጃው ከእሱ እጅ ይውጣ አሉ። «የሞተ ብረት ነው፤ ብረት ሠራተኛው አንተ ነህ፣ አንተ ጋ ይቀመጥ» ብለው ሰጡኝ። ለበያጅ የሞተ ብረት የለም።

ድዴ ሳይደርቅ ፈታሁት። ከአፈሙዙ ሥር ጥይቶቹ የሚደረደሩበት ቱቦ አለ፤ የሞላ ሽቦ እየገፋቸው ተራ በተራ ወደ ኋላ ይመጣሉ። ስከፍተው አምስቱም ጥይት የቀለጠ ሻማ በመሰለ ነገር ተጣብቋል። አሸተትኩት። የከረመ ቅቤ ነው። አባታችን በየመስቀሉ ሰደፉን ቅቤ ይቀባ ነበር። ከሞተ በኋላ የምትቀባው እናቴ ናት፤ ቀዳዳ አልማረችም።

ሁሉንም በናፍጣ አጠብኩ። ጥይቶቹን ወልውዬ መለስኩ። እጀታውን ገፋ መለስ ሳደርገው እንደራበው ሰው ጎረሰ።

ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ቧንቧው ጋ ፊቱን ይታጠባል። ከበሬ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ጎንበስ ሲል ማጅራቱ ላይ አነጣጠርኩ። የጆሮው ስፌት ሳይቀር ይታየኛል።

እናቴ ከኋላዬ ገባች። በሲኒ ቅቤ ይዛለች።

«ሠራኸው?» አለችኝ።

«ሠራሁት።»

«በል ስጠኝ፣ ልቀባው።»

«እማዬ፣ ቅቤው እኮ ነው ያበላሸው።»

«አውቃለሁ። ለጌጥ የቀባሁት መሰለህ? አባታችሁ ከሞተ ጀምሮ ሁለታችሁን እያየሁ ነው የምቀባው።»

ወንድሜ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ቤቱ ገባ። ጠመንጃውን ሰጠኋት። ጉልበቷ ላይ አጋድማ በጥይት ማስገቢያው በኩል በጣቷ እየጠቀጠቀች ሞላችው።

ወንድሜን ይቅር አላልኩትም፤ እሱም ድርሻዬን አልመለሰልኝም። በየመስቀሉ ቅቤውን የምገዛላት ግን እኔ ነኝ።