የጃፓኖቹ ዝምታ

ልጄ በስልኩ የድሮ የጃፓን ካርቱን ያያል። ሙዚቃው ድንገት ሲቋረጥ የሰቆጣው ቪዲዮ ቤት ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ ከታላቅ እህቴ ጋር እዚያ እንሄድ ነበር። የሌላው አገር ካርቱን ጩኸት ይበዛበታል፤ የጃፓኖቹን የምወደው ክፉ ነገር ሊመጣ ሲል ዝም ስለሚሉ ነው። አንድ ቀን አያታችን ሊጠሩን መጥተው ቆመው ማየት ጀመሩ። በካርቱኑ አንዲት ልጅ ብቻዋን ጀልባ ትሳፈራለች።

«ድምፁ ምነው ጠፋ?» አሉ።

«መከራ ሊመጣባት ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

ዞረው እህቴን አተኩረው አዩዋት። በሳምንቱ በበረሃ አድርጋ ሳውዲ ልትሄድ ነበር።

«ቤታችንም ሰሞኑን ዝም ብሏል። ቅሪ ልጄ» አሏት።

እህቴ ሳቀች። «ካርቱን እኮ ነው፣ አባባ!»

ሄደች። ከጅቡቲ አንዴ ደውላ «ነገ ባሕሩን እንሻገራለን» አለችን። ዛሬም ስልክ በጮኸ ቁጥር እናቴ ከሁላችን ቀድማ ትነሳለች።