ኮፈኑ ከተዘጋ በኋላ

ጀማነህ ለአፉ ለከት የለውም። ይህን የሚሉት ጠላቶቹ አይደሉም፤ ሚስቱ ቆንጂት ናት። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ዳር ኦቤትስ ወዳለው ጋራዡ ዘይት ላስቀይር ብሎ የገባ ሰው የሬስ ታሪክ ሳይሰማ አይወጣም። ጀማነህ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ የሌለ መሪ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጎማ ሲጨስ፣ መብራት አረንጓዴ ሲሆን፣ መኪናዋ የፊት ጎማዋን አንሥታ ስትፈተለክ ያሳያል። መኪናዋ የጓደኛው የኪዳን ሰማያዊ ኖቫ ናት። ዛሬ የኪዳን ቤት ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ በጀማነህ አፍ ግን በየዓመቱ ፍጥነቷ ይጨምራል። «ቆማ እኮ ነው የምትፈጥነው!» ትላለች ቆንጂት። ማን ሰምቷት!

እውነቱን ለመናገር ማጋነንም አያስፈልገው ነበር። በሱዳን በኩል በስደት የመጡ ሁለት ጎረምሶች፣ ሳምንቱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲሸከሙ ሰንብተው፣ ቅዳሜ ሲሆን ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ድራግ ሬስ ይወዳደሩ ነበር ቢባል ማን ያምናል? ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፣ መብራት ይበራል፣ ቀጥ ባለው አጭር መንገድ መጨረሻ ላይ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ፤ በቃ። ኪዳን ይነዳል፣ ጀማነህ ሞተሩን ይሠራል። ሁለቱንም ያስተማራቸው ዋይንላንድ ፓርክ በሚባል ሰፈር ትንሽ ጋራዥ የነበረው ሊዮን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሊዮን የእንግሊዝኛቸውን መሰባበር ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ እጃቸውን አይቶ ወደዳቸው።

ሊዮን አንድ ሕግ ነበረው። ሰው ሞተር ላይ አጎንብሶ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ሲሠራ፣ የልቡን ያወጣል። ስለዚህ የሞተሩ መክደኛ፣ ኮፈኑ፣ ተከፍቶ ሳለ ማንም የፈለገውን ይናገር፤ ኮፈኑ ሲዘጋ ግን የተባለው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ለሚስት አይነገርም፣ ለቄስም አይነገርም። ወሬኛው ጀማነህ ይህን ሕግ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ መኖሩን የጠረጠረ የለም። የሚያወራው ከመብዛቱ የተነሣ የማያወራው ነገር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

ሊዮን ከሞተ ቆይቷል። ኪዳን ደግሞ አምና ሞተ።

ለቅሶ ቤት እንደሚሆነው፣ ቀኑ ገፋ ሲል ሐዘኑን ለማስረሳት ጨዋታ መጣ። የእድሩ ሰብሳቢ ግርማቸው፣ ልቡ ክፋት የማያውቅ ግን ሳቅ የሚወድ ሰው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ። «የመጨረሻ ውድድሩን ታስታውሳላችሁ? መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ የኛ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ከመኪናው ወረደ! ዋንጫ እጁ ሊገባ! ከዚያ ወዲህ ሬስ የሚባል ነገር ዞር ብሎም አላየ። ነፍሱን ይማረውና፣ መቼም ፈርቶ ነው።» ሰው ሳቀ። ጀማነህ አልሳቀም። የኪዳን ልጅ ሔርሞንም ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ነበርና ሁሉን ሰማች።

ጀማነህ ምክንያቱን ያውቃል። ኪዳን ከዚያ ውድድር በሳምንቱ እሱና ሊዮን ባሉበት፣ ኖቫዋ ላይ አጎንብሶ ነግሯቸዋል። ፍርሃት አልነበረም። ምን እንደነበር ግን አንባቢም አይጠብቅ፤ ይህን የሚተርከው ሰው ራሱ ብዙ ለምኖ አልተሳካለትም።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ሔርሞን ከምትኖርበት ከቤክስሊ ነድታ ጋራዡ መጣች። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ ነርስ ናት። ቆንጂት የክርስትና እናቷ ናት፤ ጀማነህና ቆንጂት ደግሞ ልጅ አልወለዱምና፣ ያላቸው ልጅ እሷ ብቻ ናት። ለዝክሩ ስለ አባቷ ቪዲዮ እየሠራች ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሪከርድ ላደርግህ ነው» ብላ ስልኳን አሮጌ ባትሪ ላይ አስደግፋ አቆመችው።

ጀማነህ ሌላ ምን ይፈልጋል! የጠበሉን ታሪክ አመጣ። ኪዳን ለመጀመሪያ ውድድሩ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል ይዞ መጥቶ፣ ሞተሩ ላይ ጥቂት እንደ መርጨት በጆግ ገለበጠበት። ሞተሩ ረጥቦ አልነሣ አለ። ሊዮን በፀጉር ማድረቂያ ሲያደርቅ ውሎ፣ «ለወደፊቱ ከሩቅ ሆነህ ጸልይ» አለው። ሔርሞን እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ጠየቀች።

«የመጨረሻው ሬስስ? አባዬ ለምንድነው የወረደው?»

ጀማነህ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ንጹሕ ነበር እጁ።

«አላውቅም ብዬ አልዋሽሽም፤ አውቃለሁ። ግን አልነግርሽም።»

«ዋት? ጋሼ ግርማቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ፈሪ አለው እኮ! አንተም እዚያው ነበርክ፣ ዩ ወር ዘር! አንተ ክሊር ልታደርገው ትችላለህ፣ ራይት?»

«እችላለሁ።»

«ሶ?»

«ቃል የእምነት ዕዳ ነው፣ ልጄ።»

«ሞቷል እኮ፣ ጋሼ!»

«ለዚህ እኮ ነው። በሕይወት ቢኖር ሂጂና ጠይቂው እልሽ ነበር። አሁን ማን ይፈቅድልኛል?»

ሔርሞን ስልኳን አነሣች። «ኦኬ። አባዬን ሲስቁበት ዝም የምትል ከሆነ፣ ሙት ዓመቱ ላይም ባትመጣ ይሻላል» አለችና ወደ በሩ ሄደች።

ጀማነህ ጨርቁን አስቀምጦ ተከተላት። አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ብትወጣው የጓደኛው ስም ይጸዳል፣ ልጅቷም ትመለሳለች። ልጄ ሄደች ብሎ ፈራ፤ ከልቡ ፈራ። በሩ ላይ ስትደርስ ግን አንድ ነገር መጣለት።

«አባትሽም ልክ እንዳንቺ ተቆጥቶኝ ያውቃል፤» አላት። «በአንቺ ጉዳይ።»

ቆመች።

ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያው ዓመት፣ በረዶው በበረታበት ሰሞን፣ ሔርሞን ከሲንሲናቲ መንገድ ላይ ካለ ነዳጅ ማደያ እያለቀሰች ደውላ ነበር። የደወለችው ለአባቷ ሳይሆን ለጀማነህ ነው። ሄዶ አመጣት። ቆንጂት ሾርባ እየሠራች፣ ፀጉሯን እየሠራች እቤቷ አቆየቻት። ለምን እንደሄደች ጀማነህ እስከ ዛሬ አልጠየቃትም።

«አባዬ ያውቅ ነበር?» አለች፤ ድምፅዋ የልጅ ሆነ።

«ከእኔ አልሰማም። ከቆንጂት ጋር ሱቅ ውስጥ ያየሽ ሰው ነገረው። መጥቶ እዚሁ ያዘኝ። ‹ልጄ ምን ሆና ነው?› አለኝ። ‹ልጅህ ደኅና ናት፤ ሌላውን እሷን ጠይቅ› አልኩት። ለመነኝ። ኪዳን፣ ያ ኩሩ ሰው፣ ለመነኝ! አልነገርኩትም። ጥሎኝ ሄደ፤ በረዶው ቀልጦ ዛፉ እስኪያብብ እዚህ ደጅ አልደረሰም።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ቀን ኖቫዋን ነድቶ መጣ። ምንም አልሆነችም፤ እሱ ግን ኮፈኑን ከፈተና አጎነበሰ። እኔም ሄጄ አጎነበስኩ። ኮፈኑን ከዘጋው በኋላ፣ ‹የእሷን ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ› አለኝ፣ ‹የእኔን ለማን ነግሮብኝ ይሆን እያልኩ ስሳቀቅ እኖር ነበር። ደግ አደረግህ።›»

ሔርሞን የጋራዡን በር መቃን ተደገፈች።

«እኔን እኮ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም» አለች በመጨረሻ።

«አንቺን ማስጨነቅ አልፈለገም። እኔን ማስጨነቅ ግን ይችልበት ነበር።»

በእንባዋ መሀል ሳቀች። ሌላ ሳትናገር መጥታ አቀፈችው፤ ነጭ ሹራቧ ቱታው ላይ ባለው ቅባት ተበላሸ።

ሙት ዓመቱ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ቪዲዮው ታየ፤ በጠበሉ ታሪክ ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። መጨረሻ ላይ ኪዳን በወጣትነቱ ከሊዮንና ከጀማነህ ጋር የኖቫዋን የተዘጋ ኮፈን ተደግፎ የተነሣው ፎቶ መጣ። መብራት ሲበራ ግርማቸው ከኋላ እጁን አንሥቶ ቆመ።

«በጣም ጥሩ ነው፣ ልጄ። ግን ያን ቀን ለምን እንደወረደ ሳትነግሪን?»

ሰው ሁሉ ወደ ጀማነህ ዞረ። መልሱ ካለ እዚያ አፍ ላይ ነው። ጀማነህ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ ግርማቸው» አለች ሔርሞን፣ እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል፣ ቀስ ብላ፤ «እሱ የአባዬ ነው። ለእሱ እንተውለት።»

ግርማቸው ትንሽ አሰበና «እውነትሽን ነው» ብሎ ተቀመጠ። ሔርሞን ከመድረኩ ወርዳ ጀማነህ አጠገብ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጀማነህ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ቆንጂት ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠችው።